ትራንስፎርመሩን ተዪውና ምጣዱን አሳዪኝ

«ሰላም ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው፤ ኪራይ ነው። ሁለት ልጆች አሉን። ትልቁ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ትንሿ ሦስት። ከመኝታ ቤታችን መስኮት ስድስት ሰባት ሜትር ርቆ ፖል ላይ ትራንስፎርመር አለ። ማታ ጸጥ ሲል እንደ ንብ ሲያጉረመርም ይሰማል። አንዲት ጎረቤቴ ‹ይሄ ነገር ካንሰር ያመጣል፣ ልጆቹን እዚህ አታስተኚ› ካለችኝ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ወንድሜ ስልኩ ላይ የመለኪያ አፕ ጭኖ መጣና ቤቱን ለካልኝ። አልጋው መሀል 38 ማይክሮ ቴስላ አለ፣ መስኮቱ ጋ 44፣ የብረት አልጋው ራስጌ ላይ ሲያስጠጋው 71 ብሎ ቀይ አበራና ጮኸ። ኢንተርኔት ላይ ሳነብ ደግሞ 0.4 እንኳ ለልጆች ያሰጋል ይላል። ከዚያን ቀን ጀምሮ አራታችንም ሳሎን መሬት ላይ ነው የምንተኛው። ባለቤቴ ‹የማይረባ ወሬ ነው› ይላል፣ አማቴ ‹ቤት ቀይሩ› ትላለች። አንድ ሰውዬ ደግሞ ጨረር የሚከላከል ስቲከር አለኝ፣ ግድግዳውንም በቆርቆሮ ልምታልሽ ብሎኛል። ምን ላድርግ? ለካ ረስቼው፣ የእንጀራ ምጣዴም አልፎ አልፎ ውርር ያደርገኛል። የላስቲክ ጫማ ስለማደርግ ግን ብዙም አላስቸገረኝም። እሱም ከትራንስፎርመሩ ይሆን እንዴ? — እናት፣ ከሰኞ ገበያ»

እታለም፣ አብሽሪ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ላይ ፈገግ እያልኩ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን ፈገግታዬ ጠፋ። ያስደነገጠችኝ ያቺ «ረስቼው» ያልሻት ነገር ናት። ስለዚህ ከኋላ ልጀምርልሽ። ይህን ስታነቢ ምጣዱ ተሰክቶ ከሆነ አሁኑኑ ብሬከሩን አውርጂና ንቀዪው። እስኪሠራ ድረስ አትጋግሪበት። ጎረቤት ጋ ጋግሪ፣ ካልሆነም በእንጨት፣ ካልሆነም ለአንድ ሳምንት እንጀራ ግዢ። ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ። ልጆቹን ደግሞ ዛሬ ማታ ወደ አልጋቸው መልሻቸው። በደሴ ብርድ ሕፃን ሲሚንቶ ላይ ማስተኛት ከየትኛውም ትራንስፎርመር በፊት ያሳስበኛል።

አሁን ወደ 38ቷ እንምጣ። ማይክሮ ቴስላ የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው። ወንድምሽ ትራንስፎርመሩን ለካሁ ብሎ የለካው ምድርን ነው። ስልክ ውስጥ ኮምፓስ አለ አይደል? ካርታ ስትከፍቺ ፊትሽን ወደየት እንዳዞርሽ የሚያውቀው በእሱ ነው። አፑ የሚያነበው ያንኑ ኮምፓስ ነው፤ አፑን ስለጫንሽ ስልኩ ውስጥ አዲስ መሣሪያ አይበቅልም። ምድር ራሷ ትልቅ ማግኔት ስለሆነች የትም ብትቆሚ አንድ ቁጥር ይመጣል። ከአገር አገር ከ25 እስከ 65 ማይክሮ ቴስላ ገደማ ይለያያል። ዋልታዎቹ አካባቢ ከፍ ይላል፣ የምድር ማግኔት ወገብ ላይ ዝቅ ይላል። ያ ወገብ ደግሞ በእኛው አገር በኩል ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ወሎ ውስጥ የሚጠበቀው 36 ገደማ ነው። ስልኩ 38 ሲልሽ «ደሴ ነሽ» ማለቱ ነው፣ ሌላ ወሬ የለውም።

እና 71ዱ? ብረት ነዋ። የብረት አልጋ፣ የግድግዳ ፌሮ፣ የመስኮት ፍርግርግ፣ እነዚህ ሁሉ የምድርን ማግኔት ወደ ራሳቸው ይሰበስባሉ፣ አንዳንዱ ብረትም ሲቆረጥና ሲበየድ የያዘው ማግኔትነት አብሮት ይቀራል። መስኮትሽ ጋ 44 ያሳየሽ ፍርግርጉ ነው፤ ትራንስፎርመሩ በዚያ በኩል መሆኑ መገጣጠም ነው። ወንድምሽ ስልኩን ቢላዋ አጠገብ ቢያስቀምጠውም ይጮህለታል። የስልኩ ሽፋን ማግኔት ያለው መዝጊያ ካለው ደግሞ ጉድ ነው፣ መቶዎች ውስጥ ይገባል።

እኔም ይሄን ሳልሞክር አላወራሽም። አፑን ጫንኩና ቤቴ ለካሁ፣ 37። በማግስቱ ለሌላ ጉዳይ ሐይቅ ሄጄ ነበርና ከከተማው ወጣ ብዬ፣ ፖልም ሽቦም በማይታይበት፣ ከሐይቁ ዳር ሣሩ ላይ ቆሜ አወጣሁት። 36። አንድ ዓሣ አጥማጅ ልጅ «ኔትወርክ እየፈለግክ ነው?» አለኝ። ከዚያ መኪናው በር ላይ ሳስጠጋው ወደ 90 ወጣና ጮኸ። መኪናው ጠፍቷል፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ብረቱ ብቻ ነው ያስጮኸው።

አላመንሽኝም? ጥሩ፣ አትመኚኝ። መብራት ይሂድ። በሚቀጥለው መብራት ሲሄድ፣ መላው ሰፈር ሲጨልም፣ ትራንስፎርመሩም ማጉረምረሙን ሲያቆም፣ ወንድምሽ ስልኩን ይዞ ያንኑ አልጋ መሀል ያንኑ ቦታ ላይ ያስቀምጠው። አሁንም 38 ይላል። ትራንስፎርመሩ ሞቶ 38 ካለ 38ቱ የማን ነው? መብራት መሄዱ ለአንድ ነገር እንኳ ይጥቀመን።

ታዲያ ያነበብሽው 0.4 ከየት መጣ? እሱ ውሸት አይደለም፣ ግን ሌላ ነገር ነው። የምድር ማግኔት ቆሞ የሚኖር ነው፣ አይወዛወዝም። ከኤሌክትሪክ የሚመጣው ግን የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲህና ወዲያ ይመላለሳል። ሰውነት ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፍሰት ሊቀሰቅስ የሚችለውም ይሄ የሚመላለሰው ነው። ሁለቱም በማይክሮ ቴስላ ስለሚጻፉ ሰው ያምታታቸዋል። የባንክ ደብተርሽንና የባለሱቁን የዱቤ ደብተር ሁለቱም ብር ናቸው ብለሽ አንድ ላይ እንደመደመር ነው። ለቆመው ዓይነት ለማንኛውም ሰው የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ገደብ 400 ሚሊ ቴስላ ነው፤ ወደ ማይክሮ ስትቀይሪው 400 ሺህ። ያንቺ 38 ነው። የስልክ ኮምፓስ ደግሞ ያንን በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰውን በወጉ ለመያዝ አልተሠራም። ስለዚህ አፑ የፈራሽውን ነገር ከነጭራሹ አላየውም። አለ ብሎም አልመሰከረም፣ የለም ብሎም አልመሰከረም።

ስለ 0.4ቱ ሐቁን ልንገርሽ፣ እናት ነሽና አድበስብሼ አላልፈውም። የዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2002 ይህን የሚመላለስ የማግኔት መስክ «ምናልባት ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ከሚለው ምድብ ውስጥ ከቶታል። ምክንያቱ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ፣ ቤታቸው ውስጥ አማካዩ ከ0.3 እስከ 0.4 ማይክሮ ቴስላ የሚያልፍ ልጆች ላይ የደም ካንሰር በእጥፍ ገደማ በዝቶ መታየቱ ነው። እጥፍ ሲባል ያስደነግጣል፣ አውቃለሁ። ግን በሽታው ከመነሻው ብርቅ ነው፣ በዚያ ደረጃ ላይ የተገኙት ልጆችም ጥቂት ናቸው፣ ቤተ ሙከራ ውስጥም እንዴት አድርጎ ሊያመጣው እንደሚችል የሚያስረዳ ነገር አልተገኘም። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2007 ነገሩን እንደገና መርምሮ፣ መስኩ በሽታውን ያመጣል ለማለት ማስረጃው አይበቃም፣ ጨርሶ ለመተውም አያስችልም፣ ስለዚህ በቀላል ወጪ መቀነስ ከተቻለ ይቀነስ አለ። በነገራችን ላይ እዚያው «ምናልባት» ምድብ ውስጥ የእሬት ቅጠል ጭማቂም አለ፤ ሙሉ ቅጠሉ ተጨምቆ የሚጠጣው ማለቴ ነው። ለፈጣን ጉዳት የተቀመጠው የሕዝብ ገደብ ደግሞ ለ50 ኸርዝ 200 ማይክሮ ቴስላ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው። ያ ቁጥር ነርቭን እንዳይነካ ታስቦ የተሰላ ነው፤ ለዓመታት ተኝቶ ስለማደር አይደለም። ሁለቱን ቁጥሮች እያምታቱ አንዱ ሲያስፈራራ ሌላው ሲያጣጥል ነው ሰው ግራ የሚገባው።

እና ትራንስፎርመሩስ ምን ያህል ይሰጥሻል? የትራንስፎርመር መስክ ከሳጥኑ ወጣ ሲል ቶሎ ነው የሚሞተው። ርቀቱን እጥፍ ስታደርጊ መስኩ ወደ ስምንት ጊዜ ያህል ይወርዳል። ስድስት ሰባት ሜትር ላይ ከሳጥኑ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ቤት ውስጥ ከምትጠቀሚባቸው ነገሮች ተለይቶ አይታወቅም። የሚቀረው ካለ ከትራንስፎርመሩ ወጥቶ ሰፈሩን የሚያዳርሰው ወፍራም ሽቦ ነው፣ በተለይ ግድግዳሽን ተጠግቶ የሚያልፍ ከሆነ። ማጉረምረሙ ደግሞ ጨረር አይደለም። ውስጡ ያለው የብረት ንጣፍ ማግኔቱ በተመላለሰ ቁጥር ትንሽ እየተለጠጠና እየተሸበሸበ ስለሚንቀጠቀጥ ነው፣ በሰከንድ መቶ ጊዜ። ድምፁ ድንገት ከተለወጠ፣ ከተንጣጣ፣ ዘይት ካንጠባጠበ ወይ ብልጭ ካለ ግን ለመብራት ኃይል ደውዪ፤ ያኔ ጉዳዩ የእሳት ነው።

መለካቱን ከፈለግሽ ይለካ፣ ችግር የለውም፣ እኔ ራሴ ለካኝ ነኝ። ግን በትክክለኛው ዕቃ። ጋውስ ሜትር ይባላል፣ እጅ የሚሞላ ነገር ነው። ከኤሌክትሪክ ኮሌጅ አስተማሪዎች ወይም ፋብሪካ ውስጥ ከሚሠሩ ቴክኒሻኖች ዘንድ አይጠፋም፣ ደሴ ብታጪ ሐረጎን ወርደሽ ኮምቦልቻ ጠይቂ። 50 ኸርዝን የሚለካ መሆኑን ያረጋግጡ። ሦስቱንም አቅጣጫ ባንዴ የሚይዝ ከሆነ ጥሩ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚለካ ከሆነ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ሦስት ጊዜ ማዞር አለ፤ ወደ ላይ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ጎን። ሦስቱን ቁጥር እያንዳንዱን በራሱ አባዝተሽ ደምረሽ ስኩዌር ሩቱን ታወጫለሽ። አንዳንዱ ዕቃ በሚሊ ጋውስ ነው የሚያሳየው። 10 ሚሊ ጋውስ 1 ማይክሮ ቴስላ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ሰው «ቤቴ 2 ነው!» ብሎ ልብሱን ሊሸክፍ ሲል ደርሼበታለሁ፤ 2 ሚሊ ጋውስ ነበር፣ 0.2 ማለት ነው።

ሰው የሚሳሳትባትን አንዲት ነገር ልንገርሽ። መለኪያውን እንደ ችቦ እያወዛወዙ መዞር የለም። ውስጡ የሽቦ ጥቅል ካለው፣ በምድር ማግኔት ውስጥ ሲወዛወዝ ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ከዚያ የሌለ ቁጥር ያሳያል። ወንበር ላይ አስቀምጠሽ፣ እጅሽን አንስተሽ፣ እስኪረጋ ጠብቀሽ ነው የሚነበበው። ከወለሉ አንድ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከዚያ ደግሞ ልጆቹ ጭንቅላታቸውን በሚያሳርፉበት ትራስ ላይ። የቤቱን ቅርጽ ደብተር ላይ ሥሪና ቁጥሩን ቦታው ላይ ጻፊ፣ ሰዓቱንም ጨምሪ። ሰዓቱ ዋና ነገር ነው፤ የማግኔት መስክ የሚኖረው ጅረት ሲፈስ ብቻ ነውና። ጠዋት ላይ ሰፈሩ በሙሉ ምጣድ ሲጥድና ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አንድ አይሆንም። ከዚያ ዋናውን ብሬከር አውርደሽ እንደገና ለኪ። ከወረደ የራስሽ ቤት ነው፣ ካልወረደ የውጭው። ያ 0.4 ደግሞ የቀንና የሌሊት አማካይ ነው፣ ለአምስት ደቂቃ ብልጭ ያለውን አይመለከትም።

ቤት ውስጥ ያለውን ስትለኪ መደንገጥሽ አይቀርም፣ አስቀድሜ ልንገርሽ። ካውያ አጠገብ፣ ሦስት ሳንቲሜትር ላይ ከ8 እስከ 30 ማይክሮ ቴስላ ይታያል። ሠላሳ ሳንቲሜትር ስትርቂ 0.12 እስከ 0.3 ነው። ፀጉር ማድረቂያ ደግሞ ጆሮ ሥር ሲጠጋ አንዳንዱ እስከ 2000 ይደርሳል፣ አንድ ሜትር ላይ ግን ምንም የለም ማለት ይቻላል። ፍሪጁ ከልጆቹ ራስጌ ግድግዳ ጀርባ ከሆነ አልጋውን ሃምሳ ሳንቲሜትር ገፋ አድርጊው። ወጪ የለውም። እኔ በዚህ ጉዳይ የማምነው መከላከያ ሜትር ነው፤ ያው የልብስ ሰፊው ሜትር።

የኤሌክትሪክ መስክ የሚባለው ሌላ ነው፣ አንዳንዱ መለኪያ ሁለቱንም ስለሚያሳይ እንዳትምታቺ። እሱ ቮልቴጁ ካለ አለ፣ አምፖሉ ቢጠፋም ሽቦው ላይ ኃይል እስካለ ድረስ። ውሃው መጥቶ ቧንቧው ተዘግቶ ጎማው ሲወጠር እንደማለት ነው፣ የማግኔቱ ደግሞ ቧንቧው ሲከፈትና ውሃው ሲፈስ። የኤሌክትሪክ መስክን ግድግዳም፣ ዛፍም፣ የሰው ሰውነትም ያስቆመዋል፣ ያጣምመዋልም። በእጅ ይዘሽ ከለካሽው የምትለኪው ራስሽን ነው። ባለሙያ ሲለካው መለኪያውን ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ረጅም ዱላ ጫፍ ላይ አድርጎ ራሱ ይርቃል። የሕዝብ ገደቡ በሜትር 5 ሺህ ቮልት ነው፣ ወደዚያ የሚጠጋ ነገር የምታገኚው ትልልቆቹ የብረት ማማዎች በሚሸከሙት ከፍተኛ መስመር ሥር ሜዳ ላይ ነው። ግድግዳ ውስጥ ለሚኖር ሰው ትራንስፎርመሩ ላይ ያለው 15 ወይም 33 ሺህ ቮልት በዚህ በኩል አያሳስበውም። ይሄን እለፊው።

አሁን ምጣዱ። ግን መጀመሪያ አንድ ቤት ልውሰድሽ።

ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ ቤተሰብ «መኝታ ቤታችንን ለካልን» ብለው ጠሩኝ፣ እነሱም ከአጥራቸው ውጭ ያለ ፖል አስፈርቷቸው ነበር። መለኪያዬን አልጋው ላይ አስቀመጥኩ፣ 0.04። ፖሉ ንጹሕ ነው ብዬ ልወጣ ስል ድንገት ቁጥሩ 2.3 ሆነ። ምንም አልነካሁም። ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይቶ ወረደ፣ ከዚያ ተመልሶ ወጣ። ወደ ጓዳ ስሄድ የቤቱ እናት ጋግረው እየጨረሱ ነው። ምጣዳቸው 4 ኪሎ ዋት ነው፣ በ220 ቮልት ሲሰላ 18 አምፔር ገደማ ይጎትታል። ሲያበሩት ይወጣል፣ ሲያጠፉት ይወርዳል። መስመሩን ተከትዬ ስሄድ ጉዱ ወጣ። ቤቱን ሲያስፋፉ የሠራው ሰው ፌዙን፣ ኃይል ይዞ የሚሄደውን ሽቦ፣ በመኝታ ቤቱ ግድግዳ ውስጥ አሳልፎ ለሰርቪሱ ጓዳ ሰጥቶ፣ ኒውትራሉን፣ መመለሻውን ሽቦ፣ ደግሞ ከሌላ ቦታ፣ በጓሮ በኩል ዞሮ ከሚያልፍ ሽቦ ቀጥሎታል። ይሠራል፣ እንጀራው ይወጣል። ግን ሄዶ የሚመለስ ጅረት ሁለቱ ሽቦ ጎን ለጎን ሲሆኑ ነው መስኩ እርስ በርሱ የሚጠፋፋው። ሲለያዩ እያንዳንዱ ለብቻው ይቀራል። 18 አምፔር ብቻውን ከሚሄድ ሽቦ አንድ ሜትር ተኩል ላይ 2.4 ማይክሮ ቴስላ ይሰጣል፣ ሒሳቡም መለኪያውም ተስማምተዋል። ሁለቱን ሽቦ አንድ ቱቦ ውስጥ አስገባንና እንደገና ምጣዱን አበራን፣ ትራሱ ላይ 0.05። ፖሉ አልተነካም፣ እዚያው ቆሟል። የቤቱ አባት «ሦስት ዓመት ሙሉ ፖሉን ስንገላመጥ ኖርን» ብለው ሳቁ።

እንግዲህ ያንቺ ምጣድ ውርር ያደርጋል። ይሄ ከትራንስፎርመሩ የመጣ አይደለም፣ ከምጣዱ ከራሱ ነው። ምጣዱ ሥር የተጠመዘዘው ሽቦ ሊጥ ፈስሶበት፣ እንፋሎት ገብቶበት፣ ሸክላው ተሰንጥቆ ወይ የመግቢያው ገመድ በሙቀት ተልጦ ኤሌክትሪኩ ወደ ብረቱ አካል እያመለጠ ነው። ብረቱ በኧርዝ ሽቦ ከመሬት ጋር ቢያያዝ ያመለጠው በዚያ ይሄድ ነበር። ኧርዝ ስለሌለው መንገድ ይፈልጋል። መንገዱ አንቺ ነሽ።

የላስቲክ ጫማው እየጠበቀሽ አይደለም፣ ችግሩን እየደበቀብሽ ነው። ጫማው ሲረጥብ ምን ይሆናል? ሌላኛው እጅሽ የውሃ ባልዲ ወይም እርጥብ ግድግዳ ቢነካስ? ከሁሉም በላይ ደግሞ የሦስት ዓመቷ ልጅ የላስቲክ ጫማ አታደርግም። በባዶ እግሯ ወደ ጓዳ ሮጣ ትመጣለች፣ እንጀራ ሊሰጧት። ከ10 ሚሊ አምፔር ከፍ ሲል ጡንቻ ይጨብጣል፣ እጅ መልቀቅ ያቅተዋል። 30 ሚሊ አምፔር በልብ በኩል ጥቂት ከቆየ ሊገድል ይችላል። ብሬከርሽ የ20 አምፔር ከሆነ ደግሞ 20 ሺህ ሚሊ አምፔር ማለት ነው። አንቺ በ30 ስትሞቺ እሱ ምንም አልተሰማውም። ብሬከር ሽቦውን ከመቃጠል ነው የሚጠብቀው፣ ሰውን አይደለም። ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም፣ አከራዮች በተለይ።

ስለዚህ ስቲከርና ቆርቆሮ ልትገዢበት ያሰብሽውን ብር ይዘሽ ሁነኛ ኤሌክትሪሺያን ጥሪ። ሲመጣ ይሄን በዪው። አንደኛ ነገር፣ ፌዙንና ኒውትራሉን ሁለቱንም አንድ ላይ በክላምፕ ሜትር (ሽቦን አቅፎ የሚያልፍበትን ጅረት የሚለካ መቆንጠጫ ነው) አፍ ውስጥ አስገብቶ ምጣዱ በርቶ እንዲያነብ፣ ሚሊ አምፔር በሚያነበው ዓይነት። የሄደው ሁሉ ከተመለሰ ዜሮ ነው። ኧርዝ ሳይኖረው ግን የሚያመልጥበት መንገድ ስለሌለ ብረቱ እየነዘረም ዜሮ ሊያሳይ ይችላል፤ ስለዚህ ኧርዙ ከተገጠመ በኋላ ይደገም። ዜሮ ካልሆነ ልዩነቱ በሌላ መንገድ እያመለጠ ነው፣ ወይ በብረቱ ወይ በሌላ ሰው መስመር። አየሽ፣ ይቺ አንዲት ልኬት ሁለቱንም ጥያቄሽን ባንዴ ትመልሳለች፤ የሚነዝረውም የሚያመልጠው ነው፣ ቤት ውስጥ የማግኔት መስክን የሚያንረውም ብዙ ጊዜ ይኸው ተለያይቶ የሚሄደው ጅረት ነው። በቴስተር ጠመንጃ መፍቻ ብቻ ነክቶ «በራ፣ አልበራም» ካለሽ አይበቃሽም። ቴስተር ብረቱ እውነተኛ ፍሳሽ ሳይኖርበትም ከአጠገቡ ባለው ሽቦ መስክ ብቻ ሊበራ ይችላል፣ ኖሮም በደረቅ ጫማ ከቆመ ላይበራ ይችላል።

ከዚያ ኧርዝ። መሬት ውስጥ የሚቀበር ዘንግ፣ ከእሱ አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ እስከ ምጣዱ ብረት ድረስ። እና ኧርዝ ሊኬጅ ብሬከር፣ የ30 ሚሊ አምፔር። ይሄኛው የሄደውንና የተመለሰውን እያነጻጸረ ልዩነት ሲያይ በዓይን ጥቅሻ ይቆርጣል። ሲገጠምልሽ ምጣዱ እርጥበት ካለው ደጋግሞ ሊወርድብሽ ይችላል። «ይሄማ ያስቸግራል» ብለው ነቅለው የሚጥሉት ሰዎች አሉ፣ አንቺ እንዳታደርጊው። ሲወርድ የሚነግርሽ ነገር ስላለው ነው፤ ምጣዱን አድርቀሽ ሞክሪ፣ አሁንም ከወረደ ሽቦው ይቀየር። ከቤቱ ግድግዳ ውስጥ የሆነ ነገር መለወጥ ካስፈለገ የአከራይ ድርሻ ነው። አከራይሽ «እስከ ዛሬ ማንንም አልገደለም» ማለታቸው አይቀርም፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት። አማትሽን ይዘሽ ሂጂ፣ የሽማግሌ ያህል ነው የምትሠራልሽ።

ስቲከሩን እርሺው። የ50 ኸርዝ ማግኔት መስክ ስቲከርንም ግድግዳንም አልፎ ነው የሚሄደው፤ ቆርቆሮም እዚህ ግባ የሚባል አይቀንሰውም። የሚያስቆመው ለዚያ ተብሎ የሚሠራ ውድ ቅይጥ ብረት ነው፣ እሱንም የሚጠቀሙበት የላቦራቶሪ ዕቃ ለመሸፈን ነው። ያ ሰውዬ ተመልሶ ከመጣ «አስቀድመህ በጋውስ ሜትር ለካልኝ፣ ስቲከሩን ለጥፈህ ደግሞ እንደገና ለካልኝ» በዪው። ቡና አፍልተሽ ጠብቂው፣ በረካው ላይ ሳይደርስ ሥራ በዝቶብኛል ብሎ ይነሳል።

ለባለቤትሽ፦ ስለ ትራንስፎርመሩ ትክክል ነህ፣ ስለ ምጣዱ ግን ዝም ማለትህ ልክ አልነበረም። ለጎረቤትሽ ምንም ክፉ ቃል የለኝም፣ ተጨንቃልሽ ነው፤ እንዲያውም የእሷም ምጣድ ይነዝራት እንደሆነ ጠይቂያት። ቤተሰባችሁ ውስጥ ልቡ ላይ ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ) የተገጠመለት ሰው ካለ ስለ ምጣዱም ሆነ ስለሌላ ኤሌክትሪክ ዕቃ ርቀት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ኤሌክትሪሺያኑ ሠርቶ ሲጨርስ የክላምፑን ቁጥር፣ በፊት የነበረውንና በኋላ የሆነውን፣ ጻፊልኝ። ጋውስ ሜትር ካገኛችሁም የትራሱን ጨምሪ፣ ጠዋትና ሌሊት። የላስቲክ ጫማውን ግን ለክረምት ጭቃ አስቀምጪው።